የረሆቮት ማስታወሻ፦ ሸክላ ላይ የቀረች ጣት

እስራኤል ባለችው ረሆቮት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንድ ጉብታ አለ። ላዩ ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የመመገቢያ አዳራሽና ጥቂት አጫጭር ቤቶች ይታያሉ። ያረጀ ኪቡትስ፣ የጋራ እርሻ መንደር፣ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞችም እንዲሁ ብለው ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1948 ግን ከልብስ ማጠቢያው ስር፣ 8 ሜትር ያህል ወደ ታች በተቆፈረ አዳራሽ ውስጥ፣ 45 ያህል ወጣቶች ለስቴን ጠመንጃ የሚሆን የ9 ሚሊሜትር ጥይት ሲያመርቱ ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ጥይት ከዚያ ጉድጓድ ወጥቷል። ቦታው አያሎን ተቋም ይባላል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

እዚህ ከተማ የመጣሁት የሐበሻ ልጆች ፎረንሲክ ሳይንስን፣ ወንጀልን በዱካው የሚመረምረውን ሙያ፣ በእጃቸው እየሠሩ ሲማሩ ለማየት ነው። ቀጠሮዬ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋቱን እዚያ ጉብታ ላይ አሳለፍኩት።

የመደበቂያው ብልሃት ያስቃል፣ ያስደንቃልም። ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገፋ ሲደረግ መውረጃው ብቅ ይላል። የጥይት ማሽኖቹን ጩኸት የሚውጠው የማጠቢያው ጩኸት ነው። ናስ በብዛት ለማስገባት ፈቃድ ሲያስፈልግ የሊፒስቲክ ማቀፊያ ልንሠራበት ነው ተባለ፤ ፈቃዱም ተገኘ። የእንግሊዝ ወታደሮች ቢራ ፍለጋ ድንገት እንዳይመጡ፣ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃቸው አስቀድመው እንዲያሳውቁ ተነገራቸው። ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች የሚውል ሰው ይገረጣል፤ የኪቡትስ ገበሬ ደግሞ ፀሐይ ያከሰለው መሆን አለበት። ስለዚህ የፀሐይን ጨረር በሚተካ መብራት ስር በየተራ እየተቀመጡ ይጠቁሩ ነበር።

እኔን ቆሜ ያስቀረኝ ግን የጫማው ነገር ነው። ናስ ሲቆረጥ የሚረግፈው ፍቅፋቂ ሶል ውስጥ ይሰካል፣ ልብስ ላይም ይጣበቃል። አንዲት ብልጭታ ሜዳ ላይ ብትታይ፣ የላም አላቢ ጫማ ናስ ከየት አመጣ የሚል ጥያቄ ታስነሳለች። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ጫማውና ልብሱ ይፈተሽ ነበር። ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ላይ የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፍቶ ዕድሜ ልኩን ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ነገሮች ከተነካኩ አንዱ ሌላው ላይ ጥሎ፣ ከሌላውም ይዞ ይሄዳል። ሎካር ያስተማረው ፈላጊውን ነው። የጉብታው ወጣቶች ትምህርቱን ያወቁት ተፈላጊ ሆነው ነው፤ ተፈላጊ ደግሞ የተሻለ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም።

ከጉብታው ወርጄ የቫይዝማን የሳይንስ ተቋምን አጥር ተከትዬ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1934 የዚፍ ተቋም ተብሎ ተከፍቶ በ1949 የአሁኑን ስም የያዘው ነው፤ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢራን ሚሳይል የቤተ ሙከራ ሕንፃዎቹን መትቶበታል። ካርቦን 14ን እየቆጠረ የጥንት ቅሪትን ዕድሜ የሚለካ አክስለሬተር አለው። ያው ዘዴ ለመርማሪም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኃያላኑ አየር ላይ ያፈነዱት የኒውክሌር ቦምብ የከባቢ አየሩን ካርቦን 14 በእጥፍ ገደማ ስላሳደገው፣ በዚያ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው የጥርሱ ኢናሜል የትውልድ ዘመኑን በጥቂት ዓመት ልዩነት ይናገራል። ስም ለሌለው አስከሬን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የሚጠብቁኝ ልጆች ግን ያላቸው እርሳስና ኮኮዋ ነው።

ኪርያት ሞሼ፣ ከሰዓት በኋላ

ኪርያት ሞሼ የረሆቮት ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ደረጃው ላይ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ ፎቅ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል ምድር ቤት ነው። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናቸው፣ እርስ በርስ በዕብራይስጥ የሚንጫጩ ልጆች ናቸው። አስተማሪዋ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ እዚሁ የተወለደች የኬሚስትሪ ተማሪ ናት፤ ለእኔ በአማርኛ ታስረዳኛለች፣ አማርኛዋም የእናቷን የጎንደር ቃና ይዟል።

ወንጀሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ድፎ ዳቦ ሩቡ ተቆርሶ ጠፍቷል። አጠገቡ አንድ ብርጭቆ፣ ቢላና የተበታተነ ፍርፋሪ አለ።

“እጅ ወደ ኪስ!” አለች። የመጀመሪያው ትምህርት ይኼ ነው። ማንም ምንም ከመንካቱ በፊት ክፍሉን በወረቀት ይስላሉ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው በስልክ ፎቶ ያነሳሉ፣ ማን መቼ እንደገባ ይጽፋሉ። ልጅ ደግሞ ይህን አይወድም፤ ሁሉም የሚያየው ብሩሹን ነው። አንዲት ልጅ ጠረጴዛው ቆሽሿል ብላ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ ልትጥል ስትል አስተማሪዋ ክንዷን አየር ላይ ያዘች። በፊልም ያየነው መርማሪ ሮጦ ገብቶ ሁሉን ያነሳሳል፤ እውነተኛው ሥራ ግን ግማሹ መዝገብ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ለጋዜጠኞችም እንዲህ ያለ የእጅ ወደ ኪስ ሰዓት ቢሰጥ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ዱቄቱ መጣ። የእርሳስ አንኳር በብርጭቆ ወረቀት ላይ ይፈገፈጋል፤ የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ በሜካፕ ብሩሽ ጫፍ ይያዛል። ለመለማመድ እያንዳንዱ ልጅ ጣቱን የአፍንጫው ጎን ላይ አሽቶ መስታወት ይነካል፤ እዚያ የቆዳ ቅባት ብዙ ነው። ብናኙ የሚጣበቀው ቅባትና ላብ የቀረበት መስመር ላይ ስለሆነ፣ ዓይን ያላየው ዱካ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለጥቁር ዕቃ የሕፃን ፓውደር፣ ለነጭ ዕቃ ኮኮዋ ይሆናል። ኮኮዋው በከፊል መላሱ አልቀረም። አብዛኛው ልጅ የመጀመሪያውን ዱካ አበላሸው፤ ብሩሹን እንደ መጥረጊያ ስለሚይዙት ያወጡትን መልሰው ያጠፉታል። የብሩሹ ጸጉር መስታወቱን ነካ አልነካ እያለ መሄድ አለበት። ዱካው ሲጠራ ስኮች ተለጥፎበት ባንድ ትንፋሽ ይነሳና ነጭ ካርድ ላይ ይጫናል፤ ካርዱ ላይ ቀን፣ ቦታና የአንሺው ስም ይጻፋል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ይዘው የየራሳቸውን ጣት ያያሉ። መስመሩ ተጠማዞ በመጣበት የሚመለስ አለ፤ ከሰው ጣት ከግማሽ በላዩ እንዲህ ነው። ክብ እየሠራ የሚዞር አለ። እንደ ቅስት ጎበጥ ብሎ የሚያልፍም አለ፤ እሱ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ አስተማሪዋ ረጅም ጊዜ ቆየች። እነዚህ ቅርጾች የወል ናቸው፤ ሚሊዮኖች ይጋሯቸዋል። የግል የሚባለው መስመሩ የሚቋረጥበት፣ ሁለት የሚሆንበት፣ ነጥብ ሆኖ የሚቀርበት ቦታና የእነዚህ አቀማመጥ ነው። መንትዮች እንኳ አይጋሩትም። በወል ምልክት ሰው ከተጠርጣሪነት ይወጣል እንጂ በወል ምልክት ሰው አይያዝም።

አስተማሪዋ ዕቃዋን ባመጣችበት ካርቶን ውስጥ ከወተትና ከሆምጣጤ የሚሠራ የማስመሰያ ደም ምርመራ ነበረ፤ ወተቱ ሲረጋ ደሙ የረጋ ይመስላል። በዚህ ሰፈር የምታወጣው መጨረሻ ላይ ነው። “ጋሼ፣ ልጆቹ ቤት ሄደው ደም መረመርን ሲሉ አያቶቻቸው ሌላ ነገር ያስታውሳሉ” አለችኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ኢትዮጵያውያኑ የለገሱት ደም ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ጋዜጣ አወጣው፤ ምክንያቱ የኤችአይቪ ፍራቻ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። የእያንዳንዱን ሰው ደም መርምሮ ማወቅ ይቻል ነበር፤ የተደፋው ግን በመጣበት አገር ተመድቦ ነው። ይህን ስትነግረኝ የወል ምልክቱ ትምህርት ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደወሰደባት ገባኝ።

የእስክሪብቶውን ቀለም በቡና ማጥለያ ወረቀት የመለየቱን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። ጥቁሩ ወደ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ ይበታተናል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ያምራል። ግን በየሳይንስ ትርኢቱ የሚታይ ነገር ነው። በጀሶ የጫማ ዱካ ማውጣቱም ጥሩ ነበር፣ ጀሶው እስኪደርቅ ሁሉም ባይሰለቹ ኖሮ።

ወደ ዳቦው እንመለስ። ብርጭቆው ላይ የወጣው ጥርት ያለ አውራ ጣት የአንድ ቢጫ ማሊያ የለበሰ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ በአንድ አፍ “ጋናቭ!” ብሎ ጮኸ፤ ሌባ ማለታቸው ነው። ልጁ ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ስንገባ ውሃ ጠጥቼበታለሁ!” ይላል፣ የሚሰማው የለም። አስተማሪዋ ትንሽ አስጮኸቻቸው። ከዚያ፣ ይህ ዱካ መቼ እንደተቀመጠ የሚያውቅ እጁን ያውጣ አለች። ማንም አላወጣም። ብርጭቆው ዳቦ ይበላል ወይ አለች። ሳቅ። በመጨረሻ ቢላው ላይ ያለውን ዱካ ከሁሉም ካርድ ጋር አስተያዩት፤ የማንም አልሆነም።

“የእኔንስ አሻራ ማን ወሰደ?” አለች። ዳቦውን የቆረሰችው እሷ ናት። አስተማሪን የጠረጠረ አልነበረም።

በዚያው የብራንደን ሜይፊልድን ታሪክ ነገረቻቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ማድሪድ ላይ ባቡሮች በቦምብ ሲመቱ፣ ፈንጂ ማቀጣጠያ በተያዘበት ከረጢት ላይ የጣት አሻራ ተገኘ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ አሻራው ኦሪገን ያለው ጠበቃ የሜይፊልድ ነው ብሎ አሰረው፤ ከአንድ በላይ ባለሙያም አረጋገጠ። የስፔን ፖሊስ ግን የአንድ አልጄሪያዊ ሆኖ አገኘው። ኤፍ ቢ አይ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2006 የአሜሪካ መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሰ። ልጆቹ በጣም የገረማቸው ይቅርታ መጠየቁ ነው። ቢጫ ማሊያው ጓደኞቹን አንድ በአንድ ዞሮ አያቸው።

እኔም ስለ አገራችን አንድ ነገር እንድናገር ተጋበዝኩ። ድሮ ሌባ ሲጠፋ አንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይሰክራል፣ ወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፣ እየዞረ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር፤ ሌባ ሻይ ነው ስሙ። አፈርሳታም ነበረ፣ አውጫጭኝ የሚሉትም አሉ። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ የቀረ ይቀጣል። ያየ ሰው ስሙ እንዳይነሳ “ወፍ ነገረኝ” ብሎ ያወጣል። የመጀመሪያውን ልጆቹ አላመኑኝም፤ ሁለተኛውን ወደዱት። አንዱ፣ ወፏ ብትዋሽስ አለ። ብዙ ዳኛ ያልጠየቀው ጥያቄ ነው።

ያልነገርኳቸውም አለ። እኛ ዘንድ ይህ ሳይንስ በሰፊው የመጣው ከአጥንት ጋር ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የአርጀንቲናን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ጋብዞ የጅምላ መቃብሮች በሥርዓት ተቆፈሩ። እነዚያ ሰዎች ሙያውን የተማሩት የራሳቸውን አገር ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች ሲፈልጉ ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ያየ ሰው አጥንቶቹ የተቀመጡባቸውን የመስታወት ሣጥኖች አይረሳም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን ያለቁት 157 ሰዎችም በዲኤንኤ ነው የተለዩት። ግን እነዚህ ልጆች ገና ዳቦ ላይ ናቸው።

እማማ ቤት፣ ቡና

ፍርፋሪውን ልትጠርግ የነበረችው ልጅ አያት ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፤ “እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም” ብለው ላኩብን። አስተማሪዋ፣ እኔና አራት ልጆች የካርቶኑን ዕቃ እንደያዝን ወጣን።

ልጅቷ ወዲያው የአያቷን አውራ ጣት ቀለም ቀብታ ካርዱ ላይ ጫነች። የወጣው ድፍን ጥቁር ነው፤ አንድ መስመር የለበትም። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። “ተይው ልጄ፣ ማሽኑም እንቢ ብሎኛል” አሉ እማማ። “ጣቴ አልቋል።” ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አሸዋ የተቀላቀለ ጭቃ ሲያሹ፣ የደረቀውን ገላ በጠጠር ሲያለሰልሱ የኖረ ጣት መስመሩ ይላጫል። አስተማሪዋ የግንበኛና የልብስ አጣቢ ጣትም እንዲሁ እንደሚሆን ለልጆቹ ነገረቻቸው። ዱካ የሌለው ሰው እንዳለ አንዳቸውም አስበውት አያውቁም ነበር።

መደርደሪያው ላይ መዳፍ የምታክል፣ እንስራ ያዘለች የሸክላ ሴት ቆማለች። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ሲጫኑ፣ ሻንጣ አይያዝም በተባለበት ቀን፣ በእቅፋቸው ይዘዋት የመጡት ናት። አስተማሪዋ አስፈቅዳ ገለበጠቻትና የስልኳን መብራት ከጎን፣ ጋደም አድርጋ አበራችባት። ከላይ ሲበራ ምንም አይታይም ነበር። ከጎን ሲበራ ግን ከእግሯ ስር ያለው ሸክላ ላይ መስመሮች ጥላ ጥለው ተነሱ፤ የጣት አሻራ ነው፣ ከእሳት ጋር ጠንክሮ የቀረ።

“ሳብታ፣ ጣትሽ እዚህ አለ!” አለች ልጅቷ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

አስተማሪዋ ከረሆቮት ብዙ በማይርቀው ቴል ኤስ ሳፊ፣ በጥንቷ ጌት፣ ተመራማሪዎች 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው ሸክላ ላይ የቀረውን አሻራ እየለኩ ሠሪዎቹ ወንድ ይሁኑ ሴት፣ አዋቂ ይሁኑ ልጅ ለመለየት እንደሞከሩ ነገረችን። የሚለካው የመስመሩ ስፋት ነው፤ የልጅ መስመር ቀጭን ነው፣ ከሰውየው ጋር ያድጋል። ማስመሪያ መጣ። የአስተማሪዋ ጣት ላይ በ5 ሚሊሜትር ውስጥ 10 መስመር ቆጠሩ። ሸክላው ላይ 15። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፤ ያን ያህል ግን አይኮማተርም።

“እማማ፣ ይህ የእርስዎ ጣት አይመስልም፤ የልጅ ነው” አለች አስተማሪዋ።

እማማ ረከቦቱ ላይ ሲኒ ሲደረድሩ ሳቁ። “እንዴታ! የሷ እናት ናት!” በአገጫቸው ወደ ልጅቷ እያመለከቱ። “ሳይደርቅ ትነካካብኝ ነበር። እጇን ብያታለሁ።”

ከዚያ በኋላ ቡናውን ያስታወሰ የለም። እናትየው ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ አሥር ጣቷ ቀለም ተቀባ። መስመሩ ከማሕፀን ጀምሮ የያዘውን አቀማመጥ አይለቅም፤ ሰው ሲያድግ ይሰፋል እንጂ አይለወጥም። ስለዚህ የዛሬዋ ሴት ጣት ከሕፃኗ ጣት ጋር መመሳከር ይችላል። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተደፍተው በአጉሊ መነጽር ፈለጉ። ሸክላው ሻካራ ነው፣ አሻራውም ግማሹ የለም። የቀኝ ሌባ ጣት ላይ አንድ መንታ አገኙ፤ ቀጥሎ የተቋረጠ መስመር፣ ቀጥሎ ሌላ። ሦስት።

“አይበቃም” አለች አስተማሪዋ። ብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ 12 ነጥብ ይጠይቁ ነበር። ዛሬ ቁጥሩን የተዉ ቢኖሩም በሦስት የሚፈርድ ባለሙያ የለም።

“እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እጇንም መትቻለሁ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?” አሉ እማማ፣ ተቆጥተው።

አስተማሪዋ ካርዱ ላይ “አልተረጋገጠም” ብላ ጻፈች። ልጅቷ እስክሪብቶውን ተቀብላ ከስሩ “የዓይን ምስክር አለ” ብላ ጨመረችበት። እናትየው ጣቷን በሶፍት እየጠረገች ሁላችንንም አየችን።

“እኔ ምንም አልነካሁም” አለች።